ሽበሺ ሳይደወል የሰማው ደወል

ወንድሜ ደወሉ ሳይደወል ሰማ!

እውነቴን ነው። ሲስተር ጽጌሬዳ ደወሉን ይዛ ከጀርባው ቆማለች፣ ገና አላንቃጨለችውም፤ ሽበሺ ግን ቆርኪውን ብድግ አድርጎ ጣሳው ውስጥ ቿ! ሲስተር ደወሉን አየችው። ሽበሺን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ እማዬን አየቻት። እኔ ሳቄን አፍኜ አፍኜ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር።

ውይ፣ ከመሃሉ ጀመርኩት አይደል? የአማርኛ አስተማሪያችን ቢያዩኝ «ታቢታ፣ መግቢያው የት አለ?» ብለው ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር። እሺ፣ ይኸው መግቢያ። እኔ ታቢታ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ሀዋሳ። ሽበሺ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜው አራት ዓመት፣ ስሙ ግን የጄኔራል። እናቴ ብዙነሽ ትባላለች። አባዬ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም ይተኛል። እሱን እዚህ ታሪክ ውስጥ አትጠብቁት።

ዘንድሮ ጥር ላይ ማጅራት ገትር ከተማውን ሲያምሰው ሽበሺንም ያዘው። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ ካወራሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ ቀለሙ ይጨማለቃል። ብቻ አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር፤ ከዚያ ተረፈ። ተረፈ! ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ እማዬን «ይሄ በሽታ አንዳንዴ ጆሮ ይነካል፤ ትንሽ ሲያገግም መልሰሽ አምጪውና ይታይ» አላት። እማዬም «እሺ» አለች። እማዬን ስለማታውቋት ልንገራችሁ፦ እማዬ እሺ ካለች አታደርገውም። የምታደርገውን ነገር እሺ ሳትል ነው የምታደርገው።

ለምን አልወሰደችውም በሉኛ! ስለመሰከረች ነዋ! እኛ ጴንጤ ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ስለቆየ እሁድ እሁድ አቶ ገብረጻድቅ ሳሎን ውስጥ መጋረጃውን ዘግተን በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። (ውይ፣ ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም። በቃ ጻፍኩት። ለማንም እንዳትናገሩ።) እዚያ ነው እማዬ ተነስታ «ጌታ ልጄን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ፈወሰልኝ! አንድም ነገር አላጎደለበትም!» ብላ የመሰከረችው። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ «አሜን!» አለ። ብዙ ሰው ባንዴ በሹክሹክታ አሜን ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የመኪና ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው። እንግዲህ እንዲህ ብላ ከመሰከረች በኋላ እንዴት ብላ «ጆሮውን እዩልኝ» ትበል?

ደግሞ እኮ ሽበሺ ራሱ አያሳጣም! እሁድ እኛ ከንፈራችንን ስናንቀሳቅስ እሱም ያንቀሳቅሳል፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ ያምርበታል። አቶ ገብረጻድቅ ራሱን እየዳበሱ «ከሕመሙ ወዲህ እንዴት ጭምት ሆነ! የተባረከ ልጅ» ይላሉ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰው ግራ እጁን ሲያነሳ እሱም ያነሳል፤ መፈክሩ ሲባል አፉን በሰፊው ከፍቶ ይዘጋል። ሊቀመንበራችን ጓድ በኃይሉ «ይሄ ነው የነገው አብዮተኛ!» ብሎ ጉንጩን ይመዘልገዋል። አያችሁ? በጸሎትም በአብዮትም አንደኛ። ማን ይጠርጥረው?

እኔ የጠረጠርኩት በከረሜላ ነው። ከኋላው ቆሜ «ሽቤ፣ ከረሜላ!» አልኩት። ዝም። ጮክ ብዬ «ከረሜላ!» ስል የጎረቤት ልጆች ከየአጥሩ ብቅ ብቅ አሉ፤ እሱ እቴ፣ አሸዋውን ይቆፍራል። እናንተዬ፣ ከረሜላ ሲባል የማይዞር የአራት ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለው ግን ከንፈሬን አይቶ እጁን ዘረጋ። ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት።

«ጨዋ ሆኖ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እማዬ፣ ሽበሺ? ጨዋ? ትናንት እኮ ድመቷን ስኳር ውስጥ ነክሯታል!»

«አፍሽን ዝጊ። ክፉ አትናገሪበት።»

የባሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ሽበሺ ከመታመሙ በፊት ጥርት አድርጎ «ታቢታዬ» ነበር የሚለኝ። ከሆስፒታል እንደወጣ «ታቢታ» ሆነ። ቆየና «ታቢ»። ሰሞኑን ደግሞ «አቢ»። ውሃ ውስጥ ተረስቶ እንደሚሟሟ ሳሙና ስሜ አፉ ውስጥ እያለቀ ነበር። ሌላውም ቃል እንደዚያው። ይሄኔ ነው እኔ የፈራሁት።

እንዲህ እያለን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «ማጅራት ገትር ታመው የዳኑ ሕፃናት በሙሉ ለጆሮ ምርመራ ይቅረቡ!» ብሎ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ሲስተር ጽጌሬዳ የምትባል የጆሮ ባለሙያ መጥታለች፤ እዚሁ አጠገባችን ቡሹሎ ስትሠራ ከርማ አሁን የእኛ ተራ ደርሶ ነው። በመጀመሪያ ስብሰባ ተጠራን። ሲስተር አዳራሹ ፊት ቆማ ቀስ አድርጋ አስረዳች። ጆሮው የተጎዳ ልጅ ከተገኘ አዲስ አበባ ይቀጠርና ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ይሰጠዋል፤ ማውራትም ይለማመዳል። «ነገር ግን መቸኮል አለብን» አለች፤ «የሚያውቀውን ቃል ሳይረሳ ብንደርስለት ብዙ ማትረፍ ይቻላል። እኔ ከዚህ ዙር በኋላ መቼ እንደምመለስ አላውቅም።»

እኔ ይሄን ስሰማ «አቢ»ን አሰብኩ። ሌላው ሰው ግን የሰማው ከእሷ ቀጥሎ የተነሳውን ጓድ በኃይሉን ነው።

«ጓዶች!» አለ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ። «በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከከተማው አንደኛ ወጥተናል! በጽዳት ዘመቻ አንደኛ ወጥተናል! በጆሮም አንድ ልጅ እንኳን ወድቆ የቀበሌያችንን ስም እንዳያስጠራ! መቶ በመቶ!»

«መቶ በመቶ!» አለ አዳራሹ፣ ግራ እጁን አንስቶ። ሽበሺም አነሳ። ሲስተር «ኧረ ፈተና አይደለም!» ብትል ማን ሰምቷት።

አለቀ። ምርመራው ፈተና ሆነ። እኛ አገር ፈተና ከተባለ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን የተፈተነው ደምሴ ነው። ደምሴ የጎረቤታችን የእትዬ ተዋበች ልጅ ነው፤ እሱም ታሞ ነበር፤ ጆሮው ግን ምንም አልሆነም፤ እንኳን ደወል፣ ሦስት ቤት ርቆ የወጥ ድስት ሲከፈት ይሰማል። እትዬ ተዋበች ከአዳራሹ እንደወጣች መንገድ ላይ ቆማ ፈተናውን አወጣችው።

«ብዙነሽ! ብዙነሽዬ! በቆርኪ ነው! ድምፅ ሲሰማ ቆርኪ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል! ደወል አለ፣ ፊሽካ አለ፣ ከበሮ አለ። እሷ ከኋላ ነው የምትቆመው። የእኔው አንበሳ ድብን አድርጎ አለፈ። የአንቺስ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለች እማዬ። ፊቷ ልክ ደብተሯን ረስታ ክፍል የገባች ተማሪ ፊት ሆነ።

እስከ ማታ ድረስ ሰፈራችን ካለው ቡና ቤት ደጃፍ ቆርኪ ጠፋ። እናቶች ሁሉ ለቅመውታል። እማዬ የለቀመችውን በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ጠራችኝ፤ በሩን ዘጋችው።

«ስሚ። እኔ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ፊት ለፊቱ ትቆሚያለሽ። ደወሉን ስትሰሚ ግንባርሽን እከክ ታደርጊያለሽ፤ እሱ አንቺን አይቶ ቆርኪውን ይጨምራል።»

«እማዬ! ኩረጃ?»

«ኩረጃ አይደለም። ማገዝ ነው።»

«ግን እማዬ፣ ለምን እናግዘዋለን? አንቺ እኮ ‹አንድም ነገር አላጎደለበትም› ብለሻል።»

እጇ ከፍ አለ፤ ጎንበስ አልኩ፤ አልመታችኝም ግን። ቀስ ብላ «እኔ ምን ብዬ እዚያ ሳሎን እገባለሁ?» አለች። «እግዚአብሔር ከሞት መልሶ የሰጠኝን ልጅ፣ ‹ይሄ ቀርቶታል› ብዬ አፌን ልክፈት?» ሄጄ ጣሳውን አመጣሁ። መለማመድ ጀመርን።

ሽበሺ ምን ያህል እንደወደደው ብነግራችሁ! ጨዋታ መስሎታል። እኔ ግንባሬን እከክ፣ እሱ ቿ። እከክ፣ ቿ። ሳቁ ራሱ! በኋላማ ባሰበት፤ ማንም ሰው ግንባሩን ካከከ ቆርኪ ፍለጋ ይሮጣል። እሁድ አቶ ገብረጻድቅ ዓይናቸውን ጨፍነው በጸሎት ተመስጠው ሳለ ራሰ በራቸውን እከክ አደረጉ፤ ሽበሺ ከኪሱ ቆርኪ አውጥቶ የእሳቸው ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ቿ! አቶ ገብረጻድቅ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሻዩ ጢማቸው ላይ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» በሹክሹክታ። እማዬም በሹክሹክታ «ፈተና ነው» አለች። «ጌታ ያሳልፍልሽ» አሉ፣ ጢማቸውን እየጠረጉ።

እኔ ግን ሐሙስ እስኪመጣ ድረስ ሳሰላ ከረምኩ። እኔ ካከክሁ ሽበሺ ያልፋል። ካለፈ መሣሪያ የለም፣ ሲስተርም አትመለስም፣ «አቢ»ም ታልቃለች። ካላከክሁ ደግሞ እማዬ ትገድለኛለች። የእማዬን ቁንጥጫ አታውቁትም።

ሐሙስ ገባን። ሌላው ሰው ደጅ ነው፤ ውስጥ እኛና ሲስተር ብቻ። ጥዋት ነበር፤ ከእማዬ ወንበር ጀርባ ባለው መስኮት ፀሐይ ገብቶ ከፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ በርቷል።

«እሜቴ፣ ልጁን ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት» አለች ሲስተር። «አንቺስ ማነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

«ጎሽ። ፊት ለፊቱ ቁሚለት፣ እንዳይፈራ።»

እማዬ በደስታ ልትበር! ሲስተር በገዛ እጇ ቦታዬን ሰጠችኝ። ከዚያ ለሽበሺ ቆርኪ ልትሰጠው ስትል እማዬ የራሷን የታጠበ ቆርኪ ከቦርሳዋ ዘረገፈች። ሲስተር አንዱን አንስታ አገላበጠችው። «ሁሉም ይዘው ነው የሚመጡት፤ ምን ዓይነት ሰፈር ነው?» አለች።

ፊት ለፊቱ ከበሮውን መታ አድርጋ ቆርኪ ስትጨምር ሽበሺ ወዲያው ገባው። «እንዴት ፈጠነ!» አለች። እማዬ «ለምዶታል» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ሲስተር ከኋላ ሄደች። ደወሉ ቅጭል አለ።

ሽበሺ ያየኛል። እኔ እጆቼን ከጀርባዬ አጣምሬ ያዝኳቸው። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ቆርኪውን ከፍ አድርጎ ይጠብቀኛል፤ «አንቺ ምን ሆነሻል፣ እከኪ እንጂ!» የሚለኝ ነው የሚመስለው። ደግሞ ምን ብሆን ጥሩ ነው? ግንባሬ እውነቱን በላኝ! መማል ኃጢአት ባይሆን እምልላችሁ ነበር፤ ጉንዳን የሄደበት ያህል በላኝ። እንባዬ እስኪመጣ ቻልኩት።

«እህህም» አለች እማዬ። «ታቢታ፣ ግንባርሽ ላይ ዝንብ አለ።»

«የለም እማዬ።»

«አለ እያልኩሽ!»

«ይኑር። አይነካኝም።»

ደወሉ እንደገና ቅጭል አለ። እኔ አላከክሁም። እማዬ ዓይኗ ሊወጣ ደረሰ፤ ከዚያ በራሷ መላ መታች፤ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ ሽበሺን ነቅነቅ! አዲስ ጨዋታ መስሎት ሽበሺ ቿ! ሲስተር «እ?» አለች። ቅጭል፤ ነቅነቅ፤ ቿ። ፊሽካ፤ ነቅነቅ፤ ቿ። እማዬ ተዝናናች፤ ላቧን ጠረገች፤ በዓይኗ እንኳን ጠቀሰችኝ! ችግሩ ምንድን ነው፣ የሲስተር ጥላ ግድግዳው ላይ ይታያል። እማዬ የጥላው እጅ ከፍ ሲል አየችና አላስቻላትም። ሲስተር ደወሉን አነሳች፤ አላንቃጨለችም፤ እማዬ ነቅነቅ፤ ሽበሺ ቿ!

ይኸው ደረስንላችሁ።

ሲስተር ዞራ መጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች። «እሜቴ፣ እውነትም ልጅዎ በጣም ይሰማል። ገና ያልደወልኩትን ነው የሚሰማው።»

«ጌታ ይመስገን!» አለች እማዬ።

«አሜን። አሁን ደግሞ እስቲ ብቻውን ይስማ።»

ሽበሺን አንስታ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ያለ እኔ ያለቅሳል!» አለች እማዬ። አላለቀሰም። ቆርኪውን እየደራረበ ቤት መሥራት ጀመረ። ሲስተር ከኋላው ደወለች። ቤቱን ይሠራል። ፊሽካውን ነፋች፤ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ፤ እሱ ጣሪያውን ያስተካክላል።

እማዬ ከወንበሯ ተነስታ ቀስ ብላ ሄደች፣ ከኋላው ቆመች። «ሽቤዬ» አለች። «ሽቤ። ሽበሺ!» ከዚያ በሲዳምኛ ሕፃን ሳለ በምትጠራው ስም ጠራችው። አንዱ ቆርኪ ወደቀበት፤ አነሳው፤ ደረበው። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እዚህ ጋ ምንም የሚያስቅ ነገር የለም፤ እለፉት።

ሲስተር ከበሮውን ከግራ በኩል አየር ላይ አንጠልጥላ በደንብ መታችው። ድም!

ሽበሺ እጁ ቆመ። ወደ ግራ ዘንበል አለ። ቆርኪ አነሳና ጣሳው ውስጥ ቿ! ደገመችው፤ እሱም ደገመው። ማንም አላከከም! ማንም አልነቀነቀም!

«ግራው አለ!» አለች ሲስተር፣ ፊቷ በርቶ። «ትንሽ ነው፤ ግን አለ።»

«አለፈ?» አለች እማዬ።

«ወድቋል እሜቴ። ግን የግራው የቀረችው ትንሿ ነገር ለመሣሪያው ትበቃዋለች። አዲስ አበባ እቀጥርልዎታለሁ።»

«ወደቀ!» ብዬ ዘለልኩ። «ወደቀ! ወደቀ! እልልልልል!»

አፌን መያዝ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ምክንያቱም ደጅ ያለው ሰው የሰማው እልልታውን ብቻ ነው። እትዬ ተዋበች ውጪ ሆና ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የሰርግ ቤት ሆነ።

እማዬ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ «መስክሬያለሁ እኮ» ትላለች። «‹አንድም ነገር አላጎደለበትም› ብዬ መስክሬያለሁ። ውሸታም ሆንኩ።»

ሲስተር አጠገቧ ቁጭ አለች። «ከሞት ተርፎ አይደል እንዴ ቆርኪ የሚጫወተው? ማን ነው ውሸታም ያለዎት?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አስጠነቀቀችኝ፦ ከኋላው መጥራት የለም፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ከንፈርን እያሳዩ ማውራት። ቤት ያለው ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩም ማወቅ አለበት። «መንገድ ላይ ‹መኪና መጣ!› ብሎ የሚጮህለት ሰው አይጠቅመውም፤ የሚይዘው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ንገሯቸው።» ቀጠሮው ከሜይ ዴይ በዓል ማግስት ጥዋት፣ አዲስ አበባ። «ይሄ እንዳያልፋችሁ፤ ሌላ ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም።»

እማዬ ሲስተርን አየቻት። እሺ አላለችም! ገባችሁ? እሺ አላለችም፤ ስለዚህ ትሄዳለች ማለት ነው።

ስንወጣ ግን እትዬ ተዋበች ሽበሺን ነጥቃ ትከሻዋ ላይ አወጣችው። «አለፈልን! አይደል ብዙነሽ?» እማዬ ሰውን ሁሉ አየች። ጓድ በኃይሉን አየች። ራሷን ነቀነቀች፣ ከላይ ወደ ታች! ጓድ በኃይሉ ሲስተርን «መቶ በመቶ ነው?» ሲላት «ይሄ የማለፍ የመውደቅ ነገር አይደለም ጓድ» ብላው መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ እሱ ግን «መቶ በመቶ!» ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ሽበሺን ጉንጩን መዝልጎ «የሜይ ዴይ ዕለት የሕፃናቱ ሰልፍ ፊት የሚቆመው እሱ ነው! ፊሽካ ስነፋ ግራ እጁን ያነሳል!» አለ።

የሜይ ዴይ ዕለት! እኛ አውቶቡስ ላይ መሆን ያለብን ቀን!

ማታ እማዬን «መሣሪያውን ደረቱ ላይ ይዞ ሲመጣ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት። «ሬዲዮ ገዛሁለት እላለሁ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ሬዲዮ! ለአራት ዓመት ልጅ!

እሱ ይቅር። አዲስ አበባ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ጓድ በኃይሉ ነው፤ ጓድ በኃይሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምክንያት?» ብሎ ነው። ስለዚህ እኔና እማዬ ውሸት መምረጥ ያዝን። «ታሟል እንበል» አለች። እማዬ! በዚህ ማጅራት ገትር ባለበት ጊዜ? ክትባት የያዙት ሁሉ ግቢያችንን ሊሞሉት ነው። «አዲስ አበባ ያለችው አክስትሽ ሞተች እንበል።» አክስቴ ደህና ናት፣ ባለፈው ወር እንኳን ቅቤ ልካልናለች፤ ደግሞ ሞት ካልን ዕድሩ ድንኳን ጥሎ እትዬ ተዋበች ደረቷን ትመታለች፤ ማን ሊያቆማት ነው? «ቱላ አያቱ ጋ ሄዷል በይና እኛ ተደብቀን እንሂድ።» እትዬ ተዋበች ገበያ በዋለ ቁጥር ቱላ ናት፤ አያቴን ከእኔ በላይ ታገኛታለች። ደግሞም ያለ ይለፍ ከኬላው ያወርዱናል። እዚህ ሰፈር ውሸት ከሰው ይልቅ ብዙ ዘመድ አለው፤ አንዷን ስትጠሯት ሁሉም ይመጣሉ።

በመጨረሻ እማዬ ደከማት። «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። «ምላስሽ ረጅም ነው። ያሻሽን በይ፤ ወረቀቱን ብቻ አምጪ። እውነቱን ግን እንዳትናገሪ። እሁድ ራሴ እዚያ ሳሎን እነግራቸዋለሁ፤ እስከዚያ አታዋርጂኝ።»

እሁድ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ከዛሬ በኋላ ለበዓሉ ዝግጅት ሊዘጋ ነው።

ይኸው አሁን ቀበሌ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው ጉልበቴ ላይ የምጽፍላችሁ። ሽበሺ ቀሚሴን ይዞ ቆሟል። ከኋላዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እትዬ ተዋበች! የስኳር ኩፖን ይዛ። እኔ ስናገር አንድ ቃል አታመልጣትም፤ ልጇ ጆሮውን ከማን እንዳመጣው ያስታውቃል። አሁን ደግሞ ከበላዬ ሆና «ሽቤ! ሽቤ፣ ዳቦ እንካ!» ትለዋለች፤ እሱ በዓይኑ ጉንዳን ይከተላል። «ምነው ኮራብኝ፣ ካለፈ ወዲህ?» ብላ ትስቃለች።

ከፊቴ የቀረው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ጓድ በኃይሉ ማኅተሙን እያሸ ነው። እውነቱን ብናገር ሽበሺ መሣሪያውን ያገኛል፣ ሰፈሩም ትከሻውን ነክቶ መጥራት ይማራል፤ እማዬ ግን እሁድ ሳይደርስላት ይቀድማታል፤ ለራሷ አፍ ያስቀመጠችውን እኔ ነጠቅኳት ማለት ነው። ብዋሽ ደግሞ ቀኑ ሊያልፈን ይችላል፤ «አቢ» ደግሞ አሁን አሁን «ኢ» ሆናለች።

ውይ፣ ሽማግሌው ጨረሱ! «ቀጣይ! ምክንያት?» አለ ጓድ በኃይሉ። እትዬ ተዋበች ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነው።

ቶሎ በሉ እንጂ! እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?